ቡናው ይግባ፣ ሽንኩርቱ ይቆይ፦ የኦርጋኒክ ግብርና ሒሳብ ለአንድ የሶፊ ቤተሰብ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐረር ከተማ ነው። ቤተሰቦቼ ሶፊ ወረዳ አንድ ሄክታር የማይሞላ መሬት አላቸው። ግማሹ ቡና ነው፣ በመሀሉ ጫት አለበት። ወደ ታች መስኖ የሚደርሰው ሩብ ሄክታር ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም እናፈራርቃለን። የቀረው ማሽላ ነው። ሁለት በሬ፣ አንድ ላምና ጥቂት ፍየሎች አሉን። የማዳበሪያና የመድኃኒት ዋጋ አልቀመስ አለ። ኦርጋኒክ የገባ ገበሬ በእጥፍ ዋጋ ይሸጣል ሲሉ ሰማሁ። ፍጉ ከቤታችን ነው፣ ወጪ የለውም። ቡናችን ደግሞ ከአያቶቻችን ጀምሮ ማዳበሪያ ነክቶት አያውቅም፤ ስለዚህ ድሮም ኦርጋኒክ ነን። ማዳበሪያውንና መድኃኒቱን ሁሉ ትተን ኦርጋኒክ ብንገባ ያዋጣናል? ቁርጥ ያለ መልስ እፈልጋለሁ።»

ምላሽ፦ ቁርጡ ይኸው። ቡናውን አስገቡት፣ ግን በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማህበር እንጂ ብቻችሁን አይሆንም። ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን አታስገቡ። ለማሽላ የኦርጋኒክ ሰርተፍኬት ማሰብ ትርፉ ድካም ነው። የማዳበሪያ ወጪ መቀነስ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ለእሱ ሲባል ኦርጋኒክ መግባት አያስፈልግም። ወደ ሒሳቡ ከመግባታችን በፊት ግን ጥያቄዎ ውስጥ ያሉ ሦስት ነገሮች መስተካከል አለባቸው።

የመጀመሪያው «ድሮም ኦርጋኒክ ነን» የሚለው ነው። ማሳው ንጹህ ሊሆን ይችላል። ጀርመን ወይም አሜሪካ ያለው ገዢ ግን አያትዎን አያውቃቸውም። እሱ ጭማሪ ዋጋ የሚከፍለው ለወረቀቱ፣ ማለትም ለኦርጋኒክ ሰርተፍኬቱ ነው። ወረቀቱ ደግሞ የሚገኘው በመዝገብ፣ በቁጥጥርና በጊዜ ነው። ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ፣ ቁጥር 2018/848፣ እንደ ቡና ላሉ ቋሚ ተክሎች ከመጀመሪያው የኦርጋኒክ ምርት በፊት የ3 ዓመት የሽግግር ጊዜ ይጠይቃል። እንደ ሽንኩርት ላሉ ዓመታዊ ሰብሎች ከመዝራት በፊት 2 ዓመት ነው። አሜሪካኖቹም የተከለከለ ነገር መሬቱን ከነካ 36 ወር እንዲያልፍ ይፈልጋሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ በኦርጋኒክ ሕግ እያመረታችሁ የምትሸጡት በተለመደው ዋጋ ነው። መሬቱ ንጹህ እንደነበር በማስረጃ ማሳየት ከተቻለ የሽግግሩ ጊዜ ሊያጥር ይችላል። የአያቶቻችሁ ታሪክ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ እሱም በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም በማህበሩ በጽሑፍ ከተረጋገጠ።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች ጥያቄ ልጠይቅዎ። በቡናው መሀል ያለውን ጫት ትረጩታላችሁ? ጫት የሚያመርት ሁሉ ይረጫል አልልም። ግን በሐረርጌ ጫት ላይ ማላታዮን የሚባል ፀረ ተባይ፣ ባስ ሲልም ለግብርና የተከለከለው ዲዲቲ እንደሚረጭ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። ጫቱ ከተረጨ ቡናው ኦርጋኒክ አይደለም። «መድኃኒቱ የተረጨው ጫቱ ላይ ነው እንጂ ቡናው ላይ አይደለም» የሚል ክርክር ተቆጣጣሪ ፊት አይሠራም፤ ቅጠሉ ላይ የተገኘው ቅሪት ነው የሚናገረው። ጥንቃቄው ማሳ ላይም አያበቃም። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘችና ግዢው ክፉኛ ቀነሰ። ጉዳዩ ሲጣራ ጣት የተቀሰረው ቡናው በተሞላበት ጆንያ ላይ ነበር። ማዳበሪያ ወይም መድኃኒት የነበረበት ጆንያ ውስጥ ጀንፈል (ሳይፈለፈል የደረቀ ቡና) የሚከት ቤት በአንድ ቀን የሦስት ዓመት ልፋቱን ሊያጣ ይችላል።

ሁለተኛው «ፍጉ ወጪ የለውም» የሚለው ነው። ይህ አስተሳሰብ ብዙ ሰው ያሳስታል። አንድ የአገራችን በሬ በዓመት የሚሰጠው ደረቅ ፍግ ከአንድ ቶን ብዙም አይዘልም። ከመቶ ኪሎ ደረቅ ፍግ ውስጥ ናይትሮጅኑ ከአንድ ኪሎ ተኩል አያልፍም። አንድ ኩንታል ዩሪያ ግን 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል። እንግዲህ የእናንተን ቤት እንይ። ሦስት ከብት አላችሁ። የፍየሎቹንም ጨምሩ። ፍጉ ሁሉ ሳይባክን ቢሰበሰብ በዓመት 40 ኪሎ ናይትሮጅን አካባቢ ነው። ፀሐይና ዝናብ ሲመታው ከዚያ ላይ ይቀንሳል። ከተረፈው ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ለሰብሉ የሚደርሰው ከግማሽ በታች ነው፤ ሌላው አፈር ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚለቀቀው። ሩብ ሄክታር ሽንኩርት ጥሩ ምርት ለመስጠት ከ20 ኪሎ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ የቤታችሁ ፍግ በሙሉ ወደ ሽንኩርቱ ቢሄድ እንኳ አይበቃም። ቡናውና ማሽላው ደግሞ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

ጉልበቱም አለ። ኮምፖስት፣ ማለትም ከፍግና ከቅጠላ ቅጠል ተብላልቶ የሚሠራ ማዳበሪያ፣ ጉድጓድ ይፈልጋል፣ ውኃ ይፈልጋል፣ መገልበጥ ይፈልጋል፣ ሁለት ሦስት ወር መጠበቅ ይፈልጋል፣ ከዚያ በአህያ ወደ ማሳ መጫን አለ። እናንተ አካባቢ የቀን ሠራተኛ ከጫት ለቀማ ጋር ነው የምትሻሙት። ጫት በሚለቀምበት ሰሞን ሰው ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ ለእርስዎ መንገር አይጠበቅብኝም። «ጉልበቱ የቤተሰብ ነው» ካሉኝ፣ ያ ጉልበት ሌላ ቦታ ስንት ያመጣ እንደነበር አስቡ። ወጪው እሱ ነው።

አረሙን ሳልጠቅስ አላልፍም። ፓርቲኒየም፣ የሐረርጌ ገበሬ ፋራምሲሳ የሚለው፣ በድሬዳዋና በሐረርጌ ከታየ ከ1988 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ማሳ እየወረረ ነው። ኦርጋኒክ ውስጥ የአረም መድኃኒት የለም፤ በእጅ ነው የሚነቀለው። አንዳንድ ሰው ሲነካው ቆዳው ይቆጣል፣ ስለዚህ ጓንት ያስፈልጋል። ሳያብብ ከተነቀለ ጥሩ የኮምፖስት ግብዓት ይሆናል። ካበበ በኋላ ኮምፖስት ውስጥ ከከተታችሁት ግን በደንብ ካልጋለ ዘሩ አይሞትም። በራሳችሁ አህያ ጭናችሁ ማሳው ላይ ትዘሩታላችሁ ማለት ነው።

ሦስተኛው «እጥፍ ዋጋ» ነው። ይህን ወሬ ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ግን ብዙ ቦታ ሰምቼዋለሁ። በቡና ላይ በቁጥር የሚታወቅ አንድ መለኪያ አለ። ፌርትሬድ በሚባለው፣ ለገበሬው ፍትሐዊ ዋጋ እንዲከፈል በሚሠራ ዓለም አቀፍ የንግድ ሥርዓት፣ ለኦርጋኒክ ቡና የሚከፈለው ጭማሪ ከነሐሴ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአንድ ፓውንድ ክብደት (ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ያንሳል) 40 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። በኪሎ 88 ሳንቲም ይመጣል። በየካቲት 2025 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የአረቢካ ቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። በዚያ ዋጋ ላይ 40 ሳንቲም አሥር በመቶ እንኳ አይሞላም። ዋጋው 2 ዶላር ሲሆን ሃያ በመቶ ይሆናል። እጥፍ የሚባለው ከየት መጣ?

ይህም ገንዘብ የሚሰላው በተፈለፈለ ቡና ላይ ነው። እናንተ የምትሸጡት ጀንፈል ነው። ከሁለት ኪሎ ጀንፈል አንድ ኪሎ ገደማ የተፈለፈለ ቡና ይወጣል። ግማሽ ሄክታራችሁ፣ ጫቱ መሀል ስላለ፣ ሁለት ኩንታል የተፈለፈለ ቡና ይሰጣል እንበል። ጭማሪው 176 ዶላር ነው። እሱም የሚከፈለው ለማህበሩ ወይም ማህበራት ተሰባስበው ላቋቋሙት ዩኒየን ነው። የሰርተፍኬት፣ የቁጥጥርና የማጓጓዣ ወጪ ተቀንሶ ነው የቀረው ገበሬው ጋ የሚደርሰው። ትንሽ ነው፣ ግን እውነተኛ ገንዘብ ነው። ብቻችሁን ሰርተፍኬት ለማውጣት ብትሞክሩ የተቆጣጣሪው ጉዞና ክፍያ ብቻ ይህን ገንዘብ ብዙ ጊዜ ይበላዋል። ለዚህ ነው «በማህበር» ያልኩት።

አሁን ስለ ትርፉ ጥናት ምን ይላል? በ2012 (እ.ኤ.አ.) ኔቸር በተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ሰፊ ንጽጽር የኦርጋኒክ ምርት ከተለመደው ከ5 እስከ 34 በመቶ እንደሚያንስ አሳይቷል። ልዩነቱ በሰብሉ ይወሰናል። በዝናብ የሚበቅሉ ጥራጥሬዎችና ቋሚ ተክሎች ላይ ክፍተቱ ትንሽ ነው፣ 5 በመቶ ገደማ። ሁለቱ ዘዴዎች በተቻለ መጠን በተቀራረበ ሁኔታ ሲነጻጸሩ ግን 34 ይደርሳል። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ክራውደርና ሬጋኖልድ የተባሉ ተመራማሪዎች የ14 አገሮችን፣ የ55 ሰብሎችን ሒሳብ አንድ ላይ አዩ። ኦርጋኒክ ጭማሪ ዋጋ ሲያገኝ ከተለመደው ከ22 እስከ 35 በመቶ የበለጠ አትራፊ ሆኖ ተገኘ። ጭማሪ ዋጋው ሲነሳ ግን ከተለመደው በታች ወረደ። የጉልበት ወጪውም ከ7 እስከ 13 በመቶ ከፍ ያለ ነበር። አብዛኛው መረጃ ከበለጸጉ አገሮች ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ሶፊ ላይ መለጠፍ አይቻልም። አቅጣጫው ግን ለእናንተም ያው ነው። ጭማሪ የሚከፍል ገዢ ከሌለ የሚተርፋችሁ የቀነሰ ምርት ብቻ ነው።

እንግዲህ ሽንኩርታችሁን ማን ነው የሚገዛው? ሐረር ጊድር መጋላ ወይም ድሬዳዋ ቀፊራ ላይ ነው የሚሸጠው። አለዚያ ደላላ ማሳ ላይ መጥቶ ያነሳዋል። ገዢዋ የምታየው ቀለሙን፣ ድርቀቱንና መጠኑን ነው። የሰርተፍኬት ወረቀት የሚጠይቅ የለም። አገራችን የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 አላት፤ ግን አዋጅ ገበያ ላይ ዋጋ አይጨምርም። «ሰው ለሐበሻ እንቁላልና ለሐበሻ ነጭ ሽንኩርት የበለጠ ይከፍል የለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ ይከፍላል። የሚከፍለው ግን ለጣዕሙና ለዝርያው ነው፤ እንዴት እንደተመረተ ማንም አይጠይቅም። የተሻሻለ የሽንኩርት ዝርያ ያለ ማዳበሪያ ስላበቀላችሁት የሐበሻ ዋጋ አይሰጣችሁም።

በምሳሌ እናስላ። ቁጥሩ የእኔ ግምት ነው፣ እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት። ሩብ ሄክታር 50 ኩንታል ሽንኩርት ይሰጣል፣ ኪሎው 30 ብር ይሸጣል እንበል። 150,000 ብር ነው። ምርቱ በ20 በመቶ ቢቀንስ 40 ኩንታል፣ 120,000 ብር ይሆናል። 30,000 ጎደለ። ከማዳበሪያና ከመድኃኒት 15,000 ብር ተረፈ እንበል። ለኮምፖስትና ለአረም የተጨመረው ጉልበት ደግሞ 10,000 ይሁን። የተጣራ ኪሳራው 25,000 ብር ነው። ይህን ለማካካስ ኪሎው 36 ብር ከ25 ሳንቲም መሸጥ አለበት። ቀፊራ ላይ «ኦርጋኒክ ነው» ብላችሁ ስድስት ብር ጨምሩ፣ ገዢዋ ወደ ቀጣዩ መደብ ነው የምትሄደው። ይህ ደግሞ ሁለት የሽግግር ዓመታት ሳይቆጠሩ ነው።

ቲማቲሙ ከሽንኩርቱም ይብሳል። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ትል በ2012 (እ.ኤ.አ.) አገራችን ከገባ ወዲህ ያለ ቁጥጥር የተተወ ማሳ ምን እንደሚሆን ሁሉም አይቷል። በኦርጋኒክ ሕግ የሚፈቀዱ መከላከያዎች አሉ። ወንዱን የሚያጠምድ የሽታ ወጥመድ አለ፣ ባሲለስ ቱሪንጀንሲስ የሚባል ትሉን የሚገድል ባክቴሪያ አለ፣ ኒም አለ። የኒም ዛፍ ድሬዳዋ በየጎዳናው ሞልቷል፤ ዘሩን ደቁሶ በውኃ ዘፍዝፎ ማዘጋጀት ይቻላል። ግን ኒም ትንንሽ ትሎችን እንጂ የበረረውን አይገድልም። ፀሐይ ቶሎ ስለምትሽረው ወደ ማታ መረጨት አለበት፣ ደጋግሞም መረጨት አለበት። በነገራችን ላይ ኦርጋኒክ ማለት የማይረጭ እርሻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አውሮፓ ውስጥ ኦርጋኒክ ገበሬ የመዳብ መድኃኒት በ7 ዓመት ውስጥ በሄክታር እስከ 28 ኪሎ መዳብ እንዲረጭ ይፈቀድለታል።

ስለዚህ አትክልቱ ላይ የምመክረው መሀል መንገድ ነው። ኮምፖስቱን ሥሩ፣ ዩሪያውንም አትተዉ፤ በግማሽ ቀንሱት። ትግራይ ውስጥ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተካሄደ የኮምፖስት ሥራ በብዙ ማሳዎች የኮምፖስቱ ምርት ከማዳበሪያው እኩል ወይም የበለጠ ሆኖ ተመዝግቧል። የደከመ አፈር ፍግ ሲያገኝ ያነሳል። ይህ ጥቅም ሰርተፍኬት አይጠይቅም፣ ተቆጣጣሪ አይጠይቅም፣ ሽግግርም የለውም። ግማሽ ስትቀንሱ ግን ማሳውን ሁሉ በአንዴ አይሁን። አንድ ጠርዝ ላይ ሞክሩ፣ ምርቱን ለይታችሁ መዝኑ። የሚቻል ከሆነ አፈሩን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አስመርምሩ፤ የጎደለው ናይትሮጅን ሳይሆን ሌላ ነገር ከሆነ ዩሪያ መጨመሩም መቀነሱም ትርጉም የለውም።

ማዳበሪያን በአንድ ቀን ቆርጦ መጣል ምን እንደሚያመጣ ስሪላንካ አይታዋለች። በሚያዝያ 2021 (እ.ኤ.አ.) የኬሚካል ማዳበሪያ እንዳይገባ ከለከለች። ምርቱ ወደቀና በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ እገዳውን አነሳች። አገር ላይ የደረሰው ሩብ ሄክታር ላይም ይደርሳል፤ ልዩነቱ የእናንተን ኪሳራ የሚክስ መንግሥት አለመኖሩ ነው። በሌላ በኩል ምሬታችሁ ይገባኛል። ማዳበሪያው ሁሉ ከውጭ ነው የሚገባው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር የነካው ነገር ሁሉ ወጣ። ፍጉን እንደ ወርቅ መጠበቅ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ጥላ ሥር አድርጉት፣ ሸፍኑት፣ ሽንቱን የሚመጥ ገለባ ከሥር አንጥፉ። ሜዳ ላይ የተተወ ፍግ ግማሽ ጥቅሙ ወደ አየር ይሄዳል።

ማሽላውን በሁለት ቃል ልለፈው። የምትበሉት ነው፣ ገዢ የለውም፣ ስለዚህ ሰርተፍኬት አያስፈልገውም። አቀንጭራ ካለበት ግን ከፍጉ ድርሻ ስጡት፤ አቀንጭራ የደከመ አፈር ላይ ነው የሚበረታው። አልፎ አልፎ ለውዝ አፈራርቁበት፤ ለውዝ ናይትሮጅን ራሱ ይሠራል። «የባቢሌን ለውዝ ኦርጋኒክ ብለን እንላክ» የሚል ሐሳብ ከመጣላችሁ ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ለቀጥታ ምግብ የሚውል ለውዝ ላይ አውሮፓ የሚፈቅደው ጠቅላላ አፍላቶክሲን (ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ) በኪሎ 4 ማይክሮግራም ብቻ ነው። እሱን የሚወስነው አሰባሰቡ፣ አደራረቁና መጋዘኑ ነው። የኦርጋኒክ ወረቀት ሻጋታን አያስቆምም።

ወደ ቡናው ልመለስ፣ ዋናው ገንዘብ እዚያ ነውና። ለምን ቡናው ይግባ አልኩ? ማዳበሪያ ድሮም ስለማታደርጉበት ኦርጋኒክ ስትገቡ ምርቱ አይወርድም። ሽንኩርቱ ላይ ያየነው ኪሳራ እዚህ የለም። የሚጨመረው ወጪ መዝገብ፣ ንጽሕናና የማህበር መዋጮ ነው። በአውሮፓ ደንብ አንድ የገበሬዎች ቡድን እስከ 2,000 አባል ሊኖረው ይችላል፤ ከ5 ሄክታር በታች ያለው ትንሽ ገበሬ ሊገባ ይችላል። ቡድኑ የራሱ የውስጥ ቁጥጥር ይኖረዋል። የውጭው ተቆጣጣሪ በየዓመቱ ቢያንስ 5 በመቶውን አባላት ደግሞ ይፈትሻል። ወጪው ለሁሉም ይካፈላል። ጥፋቱም እንዲሁ። የውስጥ ቁጥጥሩ ከላላ ሰርተፍኬቱ ከቡድኑ በሙሉ ሊነጠቅ ይችላል፣ ጎረቤትዎ የረጨው የእርስዎን ዋጋ ያወርዳል ማለት ነው። በ1999 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በዚህ መንገድ ኦርጋኒክና ፌርትሬድ ቡና ይልካል። እናንተ ሐረሪ ክልል ስለሆናችሁ ግን መጀመሪያ የክልሉን የኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

ደንቡ ቡናውን ኦርጋኒክ፣ ሽንኩርቱን እንደ ወትሮው ለማምረት በር አይዘጋም። ማሳው በግልጽ መለየት አለበት። የሽንኩርቱ መርጫ ወደ ቡናው ማሳ መግባት የለበትም። ማዳበሪያውና ጀንፈሉ አንድ ክፍል ውስጥ ማደር የለባቸውም። አንዳንድ ማህበር ከዚህም የጠበቀ ደንብ ሊያወጣ ይችላል፣ ቀድማችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትዘነጉ። የሐረር ቡና ትልቁ ወዳጅ ሳዑዲ ነው። እዚያ ያለው ገዢ የሚከፍለው ለጣዕሙና ለፍሬው መጠን ነው እንጂ ለኦርጋኒክ ወረቀት አይደለም። ስለዚህ ማህበሩ ጋ ስትሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ሰርተፍኬት አላችሁ?» አይሁን። «ባለፈው ዓመት ከሰበሰባችሁት ውስጥ ስንት ኩንታል በኦርጋኒክ ዋጋ ተሸጠ?» በሉ። ቀጥሎ «ከጭማሪው ለአባል የደረሰው በኪሎ ስንት ነው? መቼ ተከፈለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰርተፍኬት ኖሮት ቡናውን በተራ ዋጋ የሚሸጥ ማህበር ለእናንተ ሥራ ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም። መልሱ ካላረካችሁ ገንዘባችሁንና ጉልበታችሁን ጥራት ላይ አውሉት። ቀይ ፍሬ ብቻ ልቀሙ፣ መሬት ላይ ሳይሆን ከመሬት ከፍ ባለ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ አድርቁ። ለዚህ ሦስት ዓመት አይጠበቅም፤ በመጪው ለቀማ ራሱ መጀመር ይቻላል።

የመጨረሻው ውሳኔ ግን የአባትዎ ነው። ጫቱን መርጨት እንዲያቆሙ ይጠይቋቸው። ጫት በየጊዜው ጥሬ ገንዘብ ያመጣል፤ የቡናው ጭማሪ ግን በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። «አላቆምም» ካሉ አይፈረድባቸውም። ያኔ ማህበሩ ውስጥ አትመዝገቡ። ወይ ደግሞ ጫቱንና ቡናውን በየራሳቸው ማሳ ለዩ፣ በመሀል ምንም የማይረጭበት ሰፋ ያለ ክፍተት ተዉ፣ ከዚያ የመጨረሻው ርጭት ያረፈበትን ቀን ጽፋችሁ ሦስቱን ዓመት ከዚያ ጀምራችሁ ቁጠሩ።